ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ታዲያ ብክነቱ የት አለ?

ጥያቄ፦ «የላሜራ ካቢኔት የሚያመርት መስመር ኃላፊ ነኝ። ሰባቱን ብክነቶች (ከመጠን በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ ከሚገባው በላይ ማቀነባበር፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና እንከን) በሥልጠና ተምረናል። አምስቱን ማዎች፣ ማለትም የሥራ ቦታ ማደራጃውን ዘዴ፣ ተግብረን ወለሉን ቀለም ቀብተን ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ሰጥተናል። መስመሩ ላይ ስቆም ሥራ የፈታ ሰው አላይም፤ ነገር ግን በየቀኑ 40 ደቂቃ ገደማ ተጨማሪ ሰዓት ካልሠራን የዕለቱን 110 ካቢኔት አንጨርስም። ለአንድ ካቢኔት የሚፈጀው አማካይ ጊዜ በመቁረጫ 95፣ በማጠፊያ 150፣ በብየዳ 225፣ በቀለም 180፣ በመገጣጠሚያ 260 ሰከንድ ነው። ፈረቃው 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ዕረፍቱ 40 ደቂቃ ነው። ማጠፊያ ማሽኑ አራት ዓይነት ክፍሎችን ይሠራል፤ ዳይ (ላሜራው የሚታጠፍበትን ቅርጽ የሚሰጠውን ብረት) መቀየር 75 ደቂቃ ስለሚፈጅ እያንዳንዱን ዓይነት በ400 ባች፣ ማለትም 400 በአንድ ዙር፣ እንሠራለን። ከመቁረጫ በኋላ 620፣ ከማጠፊያ በኋላ 480፣ ከብየዳ በኋላ 300፣ ከቀለም በኋላ 250 ካቢኔት የሚሆን ዕቃ ተቀምጧል። መቁረጫ ክፍሉ ሁልጊዜ ከዕቅድ በላይ ነው። ገጣጣሚዎቹ ከ10 ካቢኔት በ3ቱ ላይ ቀዳዳ አልገጥም እያላቸው በሞረድ ወይም በትራፓኖ ያስተካክላሉ፤ በእያንዳንዱ 80 ሰከንድ ይሄዳል። አስተዳደሩ ሁለተኛ ማጠፊያ ማሽን ሊገዛ ነው። ብክነቱን እንዴት ልለየው? ማሽኑስ ይረዳናል?»

ምላሽ፦

ብክነቱ ያልታየዎት ሰዎቹን ስለሚመለከቱ ይመስለኛል። አለቃ አጠገቡ የቆመ ሰው ሥራ አያጣም፤ ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ ያስተካክላል። ላሜራው ግን ለማንም ብሎ አያስመስልም። ወይ ቅርጹ እየተለወጠ ነው፣ ወይ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ሠራተኛውን ትተው ዕቃውን ይከተሉ። ከመጫኛው በር ተነሥተው ወደ ኋላ ወደ ጥሬ ዕቃው ስቶር ይሂዱ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው በየደረሰበት «ይህን ማን አዘዘው? መቼ ይፈለጋል?» ብሎ ለመጠየቅ ይመቸዋል።

የላኩት ቁጥር ግማሹን መንገድ ሄዶልናል። 620፣ 480፣ 300 እና 250 ሲደመሩ 1,650 ካቢኔት የሚሆን ዕቃ በመንገድ ላይ አለ። በቀን የሚወጣው 110 ነው። 1,650 ለ110 ሲካፈል 15 ይሆናል፤ ዛሬ የተቆረጠ ላሜራ ካቢኔት ሆኖ የሚወጣው ከ15 የሥራ ቀን በኋላ ነው ማለት ነው። (ይህ የሊትል ሕግ የሚባለው ነው። ጆን ሊትል ማረጋገጫውን ያሳተመው በ1961 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለሰልፍም ለፋብሪካም እኩል ይሠራል።) እጅና ማሽን የሚነካው ጊዜ ግን በድምሩ 910 ሰከንድ፣ ማለትም 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። 15 ቀን በ440 ደቂቃ ሲባዛ 6,600 ደቂቃ። ከ6,600 ደቂቃ ውስጥ ሥራ የተሠራበት 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የ1 በመቶን ሩብ እንኳ አይሞላም።

ሠራተኛው ሁሉ 10 በመቶ ቢፈጥን ከዚህ ጉዞ አንድ ደቂቃ ተኩል ይቀነሳል። ክምችቱ በግማሽ ቢወርድ ሰባት ቀን ተኩል ይቀነሳል። ከየት እንደሚጀመር የሚነግረን ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልግዎት ቁጥር ታክት ነው፤ ደንበኛው በየስንት ሰከንዱ አንድ ካቢኔት ይፈልጋል የሚለው። 480 ደቂቃ ዕረፍቱ ሲቀነስለት 440 ደቂቃ ወይም 26,400 ሰከንድ ነው፤ ለ110 ሲካፈል 240 ሰከንድ ይመጣል። የታቀደ ስብሰባ ወይም ጽዳት ካለ ከ440ው ይቀንሱ። ብልሽትን ግን አይቀንሱ። ብልሽትን ቀንሶ ታክት ማስላት ብክነቱን ስሌቱ ውስጥ መቅበር ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም።

አምስቱን ጊዜዎች ከ240 ጋር ያስተያዩ። ብየዳ በ225 ሰከንድ ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ትንሽ ችግር ቢያጋጥመው መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ለአሁኑ ይለፈን። ሁለቱ ዳርቻዎች ግን ሰፊ ንግግር ይፈልጋሉ፤ መቁረጫውና መገጣጠሚያው።

መቁረጫው

በ95 ሰከንድ ሙሉ ፈረቃ የሠራ መቁረጫ 277 ካቢኔት የሚሆን ላሜራ ያወጣል። መስመሩ የሚፈልገው 110 ነው። ትርፉ 167 የሚሄደው ወለሉ ላይ ነው። «ከዕቅድ በላይ» ያሉት ክፍል እንግዲህ በመስመሩ ላይ ብክነት በብዛት የሚያመርተው ክፍል ነው፤ የሚያሳዝነው፣ ማበረታቻ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል መሆኑ ነው። መስመሩ በማይወስደው ዕቃ ላይ መትጋት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ሰባቱን ብክነቶች ሲዘረዝር ከመጠን በላይ ማምረትን ከሁሉም የከፋ ያደረገው ሌሎቹን ስለሚወልድ ነው። በእርስዎ መስመር ላይ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማየት ይቻላል። 620ው ላሜራ ቦታ ይፈልጋል። ቦታው ከማጠፊያው ይርቃል፤ ስለዚህ ጋሪና ገፊ ይፈልጋል። ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለው ይነሣል፤ ሲነሣ ይጫራል። ሲቆይ ይዝጋል፤ ከቀለም በፊት ሌላ ጽዳት ይጠይቃል። የካቢኔቱ ልክ ቢቀየር ደግሞ የተቆረጠው ሁሉ ቁርጥራጭ ነው። እነዚህን ሥራዎች የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። እርስዎም ሥራ የፈታ ሰው ያላዩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አምስቱ ማዎች አንድ ነገር ልበል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ጥሩ መሠረት ናቸው። ነገር ግን 480 የታጠፈ ክፍል በቢጫ መስመር ውስጥ ቀጥ ብሎ ቢደረደር የተደራጀ ብክነት ሆነ እንጂ አልቀነሰም። እንዲያውም ለክምችት ቋሚ ቦታ ቀለም መቀባት ክምችቱን ሕጋዊ ያደርገዋል። መስመሩን እንደገና ሲቀቡ ቦታውን ለ480 ሳይሆን እንዲኖር ለሚፈልጉት መጠን ይቅቡ። የሚተርፍ ጋሪ ከመስመሩ ውጭ ይቁምና ሁሉም ይየው።

መገጣጠሚያው

መገጣጠሚያው 260 ሰከንድ ስለሚፈጅ ከታክት በላይ ነው፤ በፈረቃ 101 ካቢኔት ያወጣል። የጎደሉት 9 ካቢኔቶች በ260 ሲባዙ 39 ደቂቃ ናቸው፤ የተጨማሪ ሰዓትዎ ምንጭ ተገኘ። ማንም ቢሆን በዚህ ጊዜ «ማነቆው መገጣጠሚያው ነው፤ አንድ ሰው እንጨምር» ይላል። አይቸኩሉ። አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይደብቃል።

ያሉኝ ከ10 ካቢኔት 3ቱ 80 ሰከንድ ሞረድ ይጠይቃሉ ነው። በአማካይ 24 ሰከንድ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቀዳዳው የገጠመለት ካቢኔት 236 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያልገጠመለት 316። ሰባቱን በ236፣ ሦስቱን በ316 አድርገው ቢያማክሏቸው 260 ይመጣል። ቀዳዳው ሁሌ ቢገጥም መገጣጠሚያው አሁን ባለው ሰው ከታክት በታች ይሆናል። የገጣጣሚዎቹ እጅ ቀርፋፋ አይደለም፤ የማጠፊያውን ስህተት ተሸክመዋል።

ለዚህ ነው ጊዜ ሲለኩ አማካዩን ብቻ መጻፍ የማይበቃው። በየጣቢያው ቢያንስ ሃያ ዙር ይለኩ፣ ሃያውንም ቁጥር ይጻፉ፣ ከሌሎቹ የወጣው ላይ ምክንያቱን ከጎኑ ያስፍሩ። ተደጋግሞ የሚመጣው አጭር ጊዜ ሥራው ራሱ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ብክነት ነው። ሁሉም ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ ከታክት በላይ ቢሆን ኖሮ ሥራ ማከፋፈል ወይም ሰው መጨመር ተገቢ ነበር። አንዱ 236 ሌላው 316 ሲሆን ግን የሚፈለገው ሰው ሳይሆን ምክንያት ነው።

ምክንያቱስ? ቀዳዳው የሚወጣው ከመታጠፉ በፊት ነው። ላሜራው የሚታጠፍበት መስመር በ1 ሚሊሜትር ከተዛነፈ ቀዳዳው ከጠርዙ ያለው ርቀትም በ1 ሚሊሜትር ይዛነፋል። 6 ሚሊሜትር ቪቴ በ6.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አይገባም። መዛነፉ የሚመጣው ላሜራው የሚደገፍበት የኋላ መለኪያ በዓይን ሲስተካከል፣ መለኪያው ላይ የብረት ፍቅፋቂ ሲጠራቀም፣ ወይም የላሜራው ውፍረት ከጥቅል ጥቅል ሲለያይና ከታጠፈ በኋላ መልሶ የሚከፈትበት ልክ ሲቀየር ነው። የትኛው እንደሆነ ማጠፊያው ጋ ቆሞ ማወቅ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ስህተቱ የሚታየው መገጣጠሚያው ላይ ነው። በመካከላቸው 480፣ 300 እና 250፣ በድምሩ 1,030 ካቢኔት አለ። ለ110 ሲካፈል ከ9 ቀን በላይ ነው። ገጣጣሚው ዛሬ ሞረድ ያነሣበት ክፍል የታጠፈው ከ9 ቀን በፊት ነው፤ ኦፕሬተሩ ያን ዕለት ምን እንዳደረገ አያስታውስም፣ ዳዩም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ስህተቱ ዛሬ ቢታወቅ እንኳ በመንገድ ላይ ያለው እስኪያልቅ ሞረዱ ይቀጥላል።

ክሩን ወደ ኋላ ይጎትቱት። ተጨማሪ ሰዓቱ የመጣው ከሞረዱ ነው፤ ሞረዱ ካልገጠመው ቀዳዳ፤ ቀዳዳው ሳይስተካከል የኖረው ስህተቱ ከ9 ቀን በኋላ ስለሚታይ፤ 9 ቀኑ ከክምችቱ፤ ክምችቱ ከ400ው ባች፤ 400ው ከ75 ደቂቃው ቅያሪ። ሞረዱ ደግሞ ከቀለም በኋላ ስለሚነሣ ቀለሙን ይልጠዋል፤ ያ ሌላ ዳግም ሥራ ነው፤ ካልታደሰም ካቢኔቱ ደንበኛው ዘንድ ከቀዳዳው ዙሪያ መዛግ ይጀምራል።

ነገ ጠዋት የሚደረግ

ቅያሪውን ለማሳጠር ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያ ሁለት ነገሮች ያድርጉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጋሪ ላይ የታጠፈበት ቀን፣ ሰዓትና የቅያሪ ተራ የተጻፈበት ካርድ ይንጠልጠል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። ገጣጣሚው ሞረድ ባነሣ ቁጥር የካርዱን ቀን ይመዝግብ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስህተቱ ከቅያሪ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ክፍሎች ላይ ነው ወይስ በባቹ ሁሉ ተበትኗል የሚለው ይለያል። የመጀመሪያዎቹ ላይ ከሆነ ማስተካከያው ላይ ነው ችግሩ፤ ከተበተነ ላሜራው ወይም ፍቅፋቂው ይጠርጠር።

ሁለተኛ፣ የብየዳው ጂግ (ክፍሉን በልኩ የሚይዘው መያዣ) ላይ በቀዳዳዎቹ ቦታ ፒን ይትከሉ። ቀዳዳው ከተዛነፈ ክፍሉ ጂጉ ላይ አይቀመጥም፤ በያጁም ሊበይደው አይችልም። ስህተት እንዳያልፍ የሚያግደውን ይህን ዓይነቱን መከላከያ ፖካ ዮኬ ይሉታል። ፒኑ የቀዳዳውን ልክ ሞልቶ ሳይሆን ቪቴው የሚፈቅደውን ክፍተት ይዞ ይሠራ፤ አለዚያ ጥሩውንም ክፍል ይመልሳል፤ በያጆቹም በሦስተኛው ቀን ነቅለው ይጥሉታል። ማጠፊያው ጋ ደግሞ ያንኑ ፒን የያዘ ትንሽ ሰሌዳ ይቀመጥ፤ ከእያንዳንዱ ቅያሪ በኋላ የመጀመሪያው ክፍል፣ በየጋሪው አንድ፣ የባቹም የመጨረሻ ይሞከርበት። የመጨረሻውን መሞከር ብዙዎች ይዘሉታል፤ በመካከል የተበላሸ ነገር ካለ የሚነግረን ግን እሱ ነው።

ቅያሪውን ማሳጠር

ቅያሪ የሚለካው ከአንዱ ባች የመጨረሻ ጥሩ ክፍል እስከ ቀጣዩ ባች የመጀመሪያ ጥሩ ክፍል ነው። ዳዩ እስኪታሰር ብቻ የሚለኩ አሉ፤ ሙከራውና ማስተካከያው ይቀርባቸዋል፣ ብዙ ጊዜ ትልቁ ድርሻ ያለው እዚያ ነው። ሙሉውን በስልክ ካሜራ ይቅረጹ፤ ከዚያ ከኦፕሬተሩ ጋር ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከነሰከንዱ ጻፉ። ቪዲዮው ለቅጣት እንደማይውል አስቀድመው ይንገሯቸው።

ከዚያ ዝርዝሩን በሁለት ይክፈሉት፤ ማሽኑ ሳይቆም የማይሠራ፣ እና ማሽኑ እየሠራ ሊሰናዳ የሚችል። ዳይ ከስቶር ማምጣት፣ ቁልፍ መፈለግ፣ ክሬን መጠበቅ፣ ሥዕሉን ማግኘት፣ ባዶ ጋሪ ማቅረብ፣ አሮጌውን ዳይ ስቶር መመለስ ሁሉም የሁለተኛው ወገን ናቸው። እነዚህ ማሽኑ ቆሞ ይሠሩ ከነበረ እነሱን ማውጣት ብቻ ብዙ ጊዜ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ጋሪና ዳይ፣ ቁልፍ፣ ቡሎን፣ ሥዕል፣ ፒን ሰሌዳ የሚል የማረጋገጫ ዝርዝር ነው። ጋሪው ከማሽኑ አልጋ ጋር እኩል ከፍታ ካለው ዳዩ ተንሸራትቶ ይገባል፤ ክሬን አይጠበቅም። በሥራ ላይ ባለ ማሽን አጠገብ የሚሰናዳው ከማሽኑ ውጭ ያለው ብቻ ነው፤ እጅ ወደ ዳዩ የሚገባው ኃይሉ ተቆልፎ ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ ማሽኑ ቆሞ የሚሠራውን ያሳጥሩ። ቡሎን የሚያስረው በመጨረሻው ዙር ነው፤ ቀሪው ዙር ሁሉ እጅ ማድከም ነው። ባለ ዩ ቅርጽ ሮንዴላ ከተጠቀሙ ዳዶውን አንድ ዙር ማላላት ይበቃል። ሁሉም ቡሎን አንድ ዓይነት ራስ ይኑረው፤ አንድ ቁልፍ ለሁሉም ይብቃ። የአራቱ ዳዮች ከፍታ የተለያየ ከሆነ ከሥራቸው ብረት አስገብተው እኩል ያድርጓቸው፤ ያኔ የከፍታ ማስተካከያ የሚባል ነገር ይቀራል። የኋላ መለኪያው ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማቆሚያ ይኑረው፤ ኦፕሬተሩ ልኩን ፈልጎ ማስተካከል ትቶ መለኪያውን ማቆሚያው ላይ ያስቀምጥ። ይህኛው ቅያሪውን ከማሳጠሩም በላይ የቀዳዳውን መዛነፍ ከምንጩ ይነካዋል።

75 ደቂቃ ወደ 15 ይወርዳል ስል የተጋነነ እንዳይመስልዎ። ጃፓናዊው ኢንጂነር ሺጌኦ ሺንጎ በ1969 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ውስጥ 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረን የባለ 1,000 ቶን ፕሬስ ቅያሪ መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ ኋላም ወደ 3 ደቂቃ አውርዶታል።

ያተረፉት ጊዜ የት እንደሚውል አሁኑኑ ይወስኑ። አብዛኛው ፋብሪካ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቅያሪውን ያሳጥራል፣ በተገኘው ጊዜ ብዙ ክፍል ያጥፋል፣ ክምችቱም ያድጋል። የተገኘው ጊዜ ለተጨማሪ ቅያሪ ይዋል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ማጠፊያው ለ110 ካቢኔት በ150 ሰከንድ 275 ደቂቃ ይሠራል፤ ከ440 ደቂቃ 165 ይተርፈዋል። አራቱን ዓይነቶች አንድ ጊዜ ለማዳረስ በ75 ደቂቃ 300 ደቂቃ ቅያሪ ያስፈልጋል። በሁለት ቀን የሚተርፈው 330 ስለሆነ በወረቀት ላይ ሁለት ቀን ይበቃል፤ ግን ለብልሽት 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚቀር አልመክርም። በሦስት ቀን 495 ይተርፋል፤ 300ው ሲነሣ በቀን 65 ደቂቃ መተንፈሻ ይቀራል። እንግዲህ ምንም ሳይቀየር ባቹ ከ400 ወደ 330 ሊወርድ ይችላል። 400 የሚለው ቁጥር ከስሌት ሳይሆን ከልማድ የመጣ ይመስለኛል።

ቅያሪው 15 ደቂቃ ሲሆን አራቱን በየቀኑ ማዳረስ 60 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ባቹ 110 ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ ማዳረስም 120 ደቂቃ ነው፤ ባቹ 55፣ የሚተርፈው 45 ደቂቃ። እኔ መጀመሪያ በየቀኑ በሚለው እንዲረጉ እመክራለሁ።

ክምችቱን በካርድ መገደብ

ባቹ ስለቀነሰ ብቻ ክምችቱ በራሱ አይወርድም፤ ወሰን ይፈልጋል። ካንባን የሚባለው ካርድ ወሰኑ ነው። ካርድ የሌለው ጋሪ አይሞላም። ብዛቱ የሚገኘው የቀኑን ፍላጎት ጋሪው ተሞልቶ እስኪመለስ በሚፈጀው ቀን አባዝተው፣ መጠባበቂያ ጨምረው፣ ጋሪው በሚይዘው በማካፈል ነው። ጋሪው 22 ካቢኔት የሚሆን ይይዛል እንበል፤ መጠባበቂያውም 20 በመቶ ይሁን። አሁን ባለው የሦስት ቀን ዑደት 110 በ3፣ በ1.2 ተባዝቶ ለ22 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ክፍል ዓይነት 18 ካርድ ነው፤ ከ396 ካቢኔት በላይ ሊከመር አይችልም። ዑደቱ አንድ ቀን ሲሆን 6 ካርድ ይበቃል፤ 132። በአራቱም መካከለኛ ቦታዎች ይህ ወሰን ቢያዝ 1,650 የነበረው 528 ይሆናል፤ ጉዞውም 15 ቀን መሆኑ ቀርቶ 5 ቀን አይሞላም።

ከ18 ወደ 6 በአንድ ጊዜ አይዝለሉ። በሳምንት አንድ ካርድ ያውጡ። ካርዱ ሲወጣ አንድ ቦታ ላይ እጥረት ይፈጠራል፤ እጥረቱ የታየበት ቦታ ቀጣዩ ሥራዎ ነው። እሱ ሳይፈታ ሌላ ካርድ አይውጣ። ማሽኑ ስለሚበላሽ ከሆነ ጥገናው ላይ ይሥሩ፤ ስቶር ስለሚያዘገይ ከሆነ ስቶሩ ላይ። ካርዱን መልሶ መጨመር ነውር አይደለም፤ ምክንያቱን ሳይጽፉ መጨመር ነው ነውሩ።

መቁረጫው በዚህ አሠራር በቀን 110 ካቢኔት የሚሆን ቆርጦ በሦስት ሰዓት ገደማ ጊዜ ውስጥ ይጨርሳል። ይቆማል። አሠራሩ የሚፈርሰው በዚህች ሰዓት ነው፤ የቆመ ማሽን ያየ ሥራ አስኪያጅ «ለምን ቆማችሁ?» ይላል፣ ካርዱ ይረሳል፣ በሁለት ሳምንት 620ው ይመለሳል። ስለዚህ መቁረጫው ሲቆም ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድሞ ይጻፍ፦ የማጠፊያውን ቀጣይ ዳይ ማሰናዳት፣ ጂግ መሥራት፣ ብየዳውን ማገዝ። ማበረታቻውም በቁራጭ ብዛት መሆኑ ቀርቶ የተጠየቀውን በተጠየቀበት ቀን በማድረስ ይለካ። ትርፍ የሆነውን ሰው ማሰናበት ግን ፈጽሞ አይታሰብ። አንድ ሰው ከተሰናበተ በኋላ ብክነት የሚያሳይዎት ሠራተኛ አይኖርም፤ ሁሉም ሥራውን ማስረዘም ይማራል።

የቀሩት

መገጣጠሚያው ሞረዱ ቀርቶ 236 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ከታክት በታች ቢሆንም አፋፍ ላይ ነው። ከታክት 95 በመቶ፣ ማለትም 228 ሰከንድ ላይ ቢያደርሱት ትንፋሽ ያገኛል። 8 ሰከንድ ለማግኘት ብዙ መድከም የለም፤ ቪቴዎቹ በገጣጣሚው ቀኝ በክርን ርቀት ተዳፋት ባለው ሳጥን ይቀመጡ፣ ካቻቢቴው ከላይ በሽቦ ይንጠልጠል፣ ካቢኔቱ በሥራ መሐል የሚገለበጥ ከሆነ የሚሽከረከር ጠረጴዛ ይኑር። የትኛው እንደሚያስቸግር ገጣጣሚዎቹን ይጠይቁ። ከስቶፕ ዎች ይልቅ እነሱ በፍጥነት ይነግሩዎታል።

ከሚገባው በላይ ማቀነባበር የሚባለውን ብክነት ለማግኘት ብየዳው ጋ ይሂዱ፤ ከካቢኔቱ ውስጥ በኩል የማይታይ የብየዳ መስመር በግራይንደር የሚላግ ከሆነ ማን እንደጠየቀው ይጠይቁ። ሥዕሉ ላይ ከሌለ ይቅር፤ 225ቱ ሰከንድ እዚያ ይላላል። የማጓጓዝ ብክነትን ለጊዜው ይተዉት፤ ጋሪዎቹ ሲቀንሱ ጣቢያዎቹን ማቀራረብ የሚቻልበት ቦታ በራሱ ይገኛል። አሁን ማሽን ማዛወር ቢጀምሩ ለ1,650 ዕቃ የሚሆን አቀማመጥ ነው የሚሠሩት።

ሰው የሚጠብቅበትንና የሚመላለስበትን ጊዜ ማወቅ ከፈለጉ ናሙና ይውሰዱ። በዕጣ በተመረጡ ሰዓቶች መስመሩን ይዙሩ፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ ዓይንዎ ባረፈበት ቅጽበት ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ በሦስት ይመድቡ፦ እሴት የሚጨምር፣ እሴት የማይጨምር ግን ለጊዜው የግድ የሆነ፣ ንጹሕ ብክነት። ሞረዱ ሦስተኛው ውስጥ ይግባ፤ ብረት ስለሚነካ እሴት የሚጨምር መስሎ ያታልላል። አምስት ጣቢያ በቀን 16 ዙር ለአምስት ቀን 400 ምልከታ ይሰጣል፤ ውጤቱ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከእውነቱ የሚርቀው ቢበዛ 5 የመቶኛ ነጥብ ያህል ነው። በ100 ምልከታ ከሆነ እስከ 10 ነጥብ ሊርቅ ይችላል፤ ለመከራከር አይበቃም።

በየጣቢያው የጥራት ሪፖርትም አይታለሉ። አምስቱም 97 በመቶ ጥሩ ነው ቢሉ፣ አንድም ቦታ ዳግም ሳይነካ የሚያልፈው 0.97 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 86 በመቶ ብቻ ነው። የእርስዎ መስመር ሞረዱ ባይመዘገብ ሙሉ ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ካቢኔቱ በመጨረሻ ይወጣላ።

ለዕለት ተዕለት ክትትል መገጣጠሚያው ጋ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይበቃል። በሰዓት 15 ካቢኔት ዕቅድ፣ የወጣው፣ የጎደለበት ምክንያት። «ማሽን ተበላሸ» ምክንያት አይደለም፤ «የማጠፊያው የእግር መርገጫ ገመድ ተበጠሰ፣ 20 ደቂቃ» ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ማሽን

አይግዙ። ማጠፊያው ከ440 ደቂቃ 275ቱን ብቻ ነው የሚያጥፈው፤ ቅያሪው ነው የያዘው። ሁለተኛ ማሽን ሌላ 75 ደቂቃ ቅያሪ፣ ሌላ የዳይ ስብስብና ሌላ ክምችት ይዞ ይመጣል፤ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ሞረድም አይነካም፣ ስለዚህ ተጨማሪ ሰዓቱ ባለበት ይቆያል። ቅያሪው 15 ደቂቃ ሲሆንና አራቱ ዓይነቶች በየቀኑ ሲዳረሱ፣ የፈረቃውን 10 በመቶ ለብልሽት ብንተው እንኳ 336 ደቂቃ ለማጠፍ ይቀራል፤ ይህ 134 ካቢኔት ነው። የቀን ትእዛዙ ከ134 ሲያልፍ የማሽኑ ጥያቄ እንደገና ይነሣ። ግን በ134 ታክቱ 197 ሰከንድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከማጠፊያው በፊት ብየዳውና መገጣጠሚያው ይቀድማሉ።